መልስ ያለው ቆዳ

«ኢላስቲን የሴቶች ጉዳይ ነው» አለን ጀለሴ። አዲስ አበባ፣ ሾላ ገበያ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አናቱን ገልጦ አለን። ማንም አላስገደደውም። አላበቃም፤ ጨመረበት። «ፊት ማሳመሪያ ነው፤ ወንድ ልጅ ምን አገባው?»

ኑ ፍረዱኝ! እናንተ የሾላ ነጋዴዎች፣ እናንተ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጆች፣ ከኮተቤ የወረዳችሁ ተማሪዎች፣ ላምበረት መናኸሪያ ሻንጣ ታቅፋችሁ የቆማችሁ መንገደኞች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። የጀለሴ አፍ ግን ዛሬ የዝንብ መናኸሪያ ሆኗል፤ እየጫነ ያወርዳል።

እስቲ እጅህን ወዲህ በል። አይዞህ፣ ሰዓትህን አልወስድብህም። የእጅህን ጀርባ ቆዳ በሁለት ጣቴ ቆንጠጥ አድርጌ ሳብ ላድርገውና ልልቀቀው። እዩት! ተመለሰ። ልኩን አልሳተም። ማነው የመለሰው? እኔ ነኝ እንዳትለኝ፤ አንተ መልስ ብታውቅ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። የመለሰው ኢላስቲን ነው። ከላይኛው ቆዳህ ሥር በክር መልክ ተጠላልፎ የተዘረጋ ፕሮቲን ነው። ሲስቡት የራሱን ርዝመት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፤ ሲለቁት ይመለሳል። መለጠጡማ ምን ይደንቃል? ያንተም ወሬ ይለጠጣል። የሱ ሙያ መመለሱ ነው።

ጎረቤቱ ኮላጅን ይባላል። የውስጠኛውን ቆዳ ውሃውን አድርቀህ ብትመዝነው ሦስት አራተኛ ገደማው ኮላጅን ነው። ኢላስቲን ከ2 እስከ 4 በመቶ ብቻ። «ይቺን ለምታህል!» አልክ? ትንሽነት የሚያስንቅ ቢሆን ኖሮ ስለ ኢላስቲን ያለህን እውቀት በየትኛው ሚዛን እናስቀምጠው ነበር?

ጆሮህንም ያዝልኝ። የጆሮህን ቅርጽ የያዘልህ ለስላሳ አጥንት ኢላስቲን የሞላበት ነው። የኔታ ስንት ጊዜ ቆነጠጡት? ስንት ጊዜ አዞሩት? ያን ሁሉ ተጠምዝዞ ዛሬም ቦታው ላይ ቆሟል። ጆሮህ ተመልሷል። የኔታ የነገሩህ ነው የትም የቀረው።

«የሴቶች ጉዳይ» ያልከው ነገር አሁን ደረትህ ውስጥ ነው። ከልብህ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ግድግዳው በኢላስቲን ንጣፍ የተደራረበ ነው። ልብህ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ገደማ ይመታል። በመታ ቁጥር ደም ይረጫል፤ አኦርታ ጎኑን ሰፋ አድርጎ ይቀበለዋል። ልብ ሲያርፍ አኦርታ ይመለሳል፤ ሲመለስም የያዘውን ደም ወደፊት ይገፋዋል። ልብህ ባረፈባት ቅጽበት ደምህ መንገድ ላይ የማይቆመው ለዚህ ነው። የልብ ጡንቻ ራሱ የደም ጉርሻውን በብዛት የሚያገኘው ሲያርፍ ነው። አጉራሹ ማነው? ያው የአኦርታ መልስ! ወንድ ልጅ ምን አገባው? እሺ፣ አኦርታህን ለእህትህ አስረክብና ና። እኛ እዚሁ ቆመን እንጠብቅሃለን።

ዓመታት ሲያልፉ እነዚያ ክሮች ይበጣጠሳሉ፤ ሸክሙ ኮላጅን ላይ ይወድቃል። ኮላጅን ጠንካራ ነው፤ መመለስ ግን አይሆንለትም። ቧንቧው ይደድራል። ከዚያ ግፊት ስትለካ የላይኛው ቁጥር ሽቅብ፣ የታችኛው ቁልቁል ይሄዳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ሐኪሞች በየቀኑ የሚያዩት መልክ ነው። አሁን ደግሞ «ግፊት የሀብታም በሽታ ነው» ልትለኝ ነው፤ ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። የደም ቧንቧ የባንክ ደብተር አይጠይቅም፣ ጌታው! ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል እዚሁ የካ ነው። ሄደህ ተለካ። ግፊት ያለ ሰው ግፊት ይጨምራል፤ ሰው እስኪገፋህ አትጠብቅ።

ለአፍታ ቀልዱን ልግታው። ኢላስቲንን የሚያሠራው ጂን ሰባተኛው ክሮሞዞም ላይ ነው፤ አንድ ቅጂ ከእናት፣ አንድ ቅጂ ከአባት እንወርሳለን። ዊሊያምስ ሲንድረም ይዟቸው የሚወለዱ ልጆች አንደኛው ቅጂ ይጎድላቸዋል። ብዙዎቹ ላይ አኦርታው ልክ ከልብ ወጣ እንዳለ ጠብቦ ይገኛል፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የልብ ሐኪም ክትትል ያሻቸዋል። ችግሩ ከኢላስቲን ጂን ጋር መያያዙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ፊታቸው ላይ አንድ ሽብሽብ የለም። «የፊት ጉዳይ ነው» ያልከውን ለእነዚህ ልጆች እናቶች ንገራቸው። የሚመልሱልህን ግን እኔ እዚህ አልጽፈውም።

እሺ፣ ሳይንሱ ካልገባህ ሥጋው ይግባህ። ሥጋ ቤት እንግባ። ጥሬውን ሳታዝዝ በፊት ቆራጩን አንድ ነገር ለምነው፤ ከበሬው ማጅራት ተነስቶ ወደ ሻኛው ሥር የሚሄደውን ወፍራም ቢጫ ጅማት ያሳይህ። ነጩን አላልኩም፤ ቢጫውን። በጣትህ ሳበው። ይሄዳል፤ ልቀቀው፤ ይመጣል። አብዛኛው ኢላስቲን ነው። በሬ ቀኑን ሙሉ አቀርቅሮ ሲግጥ ያን ከነቀንዱ የከበደ ጭንቅላት በጡንቻ ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ቢጫው ጅማት ደግፎለት ነው። ነጩን ጅማት ብትቀቅለው ኮላጅኑ ይሟሟል፣ መረቁ ይወፍርልሃል። ቢጫውን ጧት ጣደው፣ ማታ አውጣው። ጥርስህ ይለቃል እንጂ እሱ አይለቅም። በሬው እንኳ በኢላስቲን አንገቱን ቀና ያደርጋል። አንተ ባለማወቅ አንገትህን ደፍተህ ትሄዳለህ።

አንተም ቢጫ አለህ። በአከርካሪህ አጥንቶች መሀል፣ ከኋላ በኩል፣ ኢላስቲን የበዛበት ቢጫ ማሰሪያ ከአንዱ አጥንት ወደ ሌላው ተዘርግቷል። ስታጎነብስ ይለጠጣል፤ ስትቃና ያግዝሃል። አሁን ወደ እንጦጦ ቀና በል። ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ አስረው ወደ ፈረንሳይ የሚወርዱትን እናቶች ተመልከት። ሸክሙ ከ30 ኪሎ ሲበልጥ ብርቅ አይደለም። ገመዱ ትከሻቸውን ቆርጦ፣ ወገባቸው አጎንብሶ፣ ዓይናቸው ከመሬቱ ሳይነሳ ያን ቁልቁለት ይወርዱታል። ታች ሲደርሱ ሸክሙን ያወርዱና ቀና ይላሉ። አንተ ስልክህ ላይ አጎንብሰህ ቀና ማለት አቅቶሃል! «ወንድ ልጅ ምን አገባው» ያልከውን እዚያ ቁልቁለት ላይ፣ ከእነሱ አንዷ አጠገብ ቆመህ ድገምልኝ። ድምፅህ ከወጣ እኔ ተሸነፍኩ።

መውጫ ሲያጣ ዞረ። «ቢያልቅም ችግር የለም፤ ኢላስቲን ያለበት ክሬም መገናኛ ሞልቷል» አለ። ኧረ ይመችህ! ሰምታችኋል አይደል? ሰውዬው ኢላስቲንን በአደባባይ ናቀና በጓሮ ሊገዛው ሄደ።

ቆዳ ዋና ሥራው አላስገባም ማለት ነው። ሞለኪውል በዳልተን ይለካል፤ ቆዳህን አልፎ የሚዘልቀው በአብዛኛው ከ500 ዳልተን በታች የሆነው ነው። የኢላስቲን መነሻ የሆነው ፕሮቲን 60 ሺህ ዳልተን ገደማ ነው። ከ100 እጥፍ በላይ! ደጅ ላይ ቆሞ እጅ ይነሳና ይቀራል። ቢገባስ? የኢላስቲንን ክር የሚሠሩት የገዛ ሴሎችህ ናቸው፤ መዳብ የሚሻ ኢንዛይም እርስ በርሱ እያቆላለፈ ያጠነክረዋል። መዳብ ጉበት ውስጥ አለ ስልህ ደግሞ ዱለት ቤት እንዳትሮጥ፤ የጎደለህ መዳብ አይደለም። ክሬሙ ቆዳህን ያለሰልሰዋል፤ እሱንማ የአያትህ ቅቤም ያደርገዋል። እውነቱን ልንገርህ፣ ከኢላስቲኑ ይልቅ የጠቀመህ ላስቲኩ ነው። ማሸጊያው! ቢያንስ እሱ ዕቃ ይይዝልሃል። ሻጩ ብርህን ተቀበለ፤ መልስ ሰጠህ? ቆዳህስ መልስ ሰጠህ? ሁለቱም «ዝርዝር የለም» ብለውሃል።

«ቢያልቅም ችግር የለም» የሚለው ኢላስቲን ከየት እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። ኢላስቲንህ የተሠራው አብዛኛው በእናትህ ማሕፀንና በሕፃንነትህ ነው። ጉርምስናህ ሲያልፍ አዲስ መሥራቱ ይቆማል ማለት ይቻላል። ያን እንጦጦ የሞላውን ባሕር ዛፍ ተመልከት። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጣ፤ ቁረጠው፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ድገመው፣ ይደግምልሃል። ኢላስቲን ጉቶ የለውም። የተበጠሰው ተበጠሰ። በምትኩ ሰውነት ለመጠገን ቢሞክር እንኳ የሚሠራው ክር የተዝረከረከ ነው፤ የድሮውን መልስ አይመልስም።

ደግነቱ ዕድሜው! እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ አንድ ጥናት የሰውን ሳንባ ኢላስቲን ዕድሜ ለካ። መለኪያው የሚገርም ነው። ኃያላኑ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በአየር ላይ ያፈነዱት የኑክሌር ቦምብ ከባቢ አየሩን በራዲዮካርቦን ሞላው። ከዚያ ወዲህ የበቀለ እህል፣ ያን እህል በልቶ የተሠራ ሥጋ ሁሉ ምልክቱን ይዟል። ከዚያ በፊት ያደጉ ሰዎች ሳንባ ሲታይ ግን ኢላስቲኑ በአብዛኛው የድሮውን አየር እንደያዘ ተገኘ። በአማካይ 74 ዓመት! ዓለም ሲታመስ እሱ ከቦታው አልተነሳም። አንተ በሁለት ዓመት ስንቴ ሥራ ቀየርክ?

የቆዳውን ኢላስቲን ግን ፀሐይ ይቆራርጠዋል ስለው፣ «እንጦጦ ብርድ ነው፤ ፀሐዩ ምን ያደርጋል?» አለ ደግሞ። ጃኬቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ግንባሩን አስጥቶ! ቆዳ የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር ሙቀት አይደለም፤ ብርድ አያግደውም። በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እንጦጦ አናቱ 3000 ሜትር አልፏል፤ ከምድር ወገብም ብዙ አልራቅንም። ይህ ጨረር የቆዳህን ኢላስቲን ይቆራርጠዋል፤ ቁርጥራጩ እየተጓጎለ ያለ ሥርዓት ይከማቻል። ተበጣጥሶ ተከምሯል፤ መልስ ግን የለውም።

መስታወትም ጨረሩን ሁሉ አይከላከልልህም። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ለ28 ዓመት የጭነት መኪና የነዳ የ69 ዓመት ሰው ፎቶ አወጣ። በመስኮቱ በኩል ያለው ግራ ፊቱ ተሸብሽቧል፣ ተንጠልጥሏል። ቀኙ ገና ጎልማሳ ነው። አንድ ሰው፣ ሁለት ዕድሜ! ከመገናኛ ኮተቤ ስትመላለሱ የምትውሉ የታክሲ ሹፌሮች፣ እናንተም በግራ መስኮት ናችሁና ጆሮ ስጡኝ። መጋረጃ ነገር አድርጉበት፤ ረዳቱ ይስቃል፤ ይሳቅ።

«እኛ ጥቁር ነን፤ ሜላኒን ይጠብቀናል» አለ። እውነት ነው! አጨብጭቡለት፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ። ሜላኒን ትልቅ ጠባቂ ነው። ዘበኛ ያለው ቤት ግን በሩን ክፍት አድርጎ ያድራል እንዴ? ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ዘበኛውን በገዛ እጁ የሚያባርር ነው። በየሱቁ «ፊት ያቀላል» እየተባለ የሚሸጠውን ቅባት አስተውሉ። ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል የሚባሉ መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለተወሰነ ሕመም የሚታዘዙ ናቸው። ያለ ሐኪም ወራት ሲቀቡት ሜላኒኑን ይቀንሳል፤ ቆዳውን ያሳሳል፤ ኮላጅኑንም ኢላስቲኑንም ያዳክማል። ከዚያ ሸንተረር ይወጣል። ሸንተረር ካማረህ እንጦጦ አለልህ፣ በእግርህ ውጣው! በቅባት ጭንህ ላይ አታስወጣው።

የወለደች እናት ሆድ ላይ ያለው ሸንተረር ሌላ ነገር ነው። ሰው ለማስፈር ተለጥጦ ተለጥጦ የተበጠሰ ነው። እሱን እያየህ እንዳትቀልድ። አንተም በአንዱ በኩል አልፈህ ነው የመጣኸው።

የመጨረሻዋን አወጣ። ከኪሱ አወጣት፤ ለኮሳት። «ጭስ ለምደናል» አለ፣ በአፍንጫው እየለቀቀ።

አሁን ሁላችሁም ዝም በሉ፤ ይቺ ለሳንባው ናት። አየር ስታስገባ ጡንቻህ ይሠራል። ተረጋግተህ ስታስወጣ ግን ጡንቻ አያስፈልግህም፤ ሳንባህ በራሱ ይመለሳል። ከመላሾቹ አንዱ ኢላስቲን ነው። የድምፅ አውታርህም ውስጥ አለ፤ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ ሲርገበገብ የሚመልሰው እሱ ነው። አስቡት እስቲ! ኢላስቲንን የሰደበው ኢላስቲን ባስወጣለት ትንፋሽ፣ ኢላስቲን በያዘለት ድምፅ ነው። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ማለት ይህ ነው!

የሲጋራ ጭስ ሳንባ ሲገባ ነጭ የደም ሴሎች ለውጊያ ይጎርፋሉ፤ ኢላስቲን የሚበላ ኢንዛይም ይለቃሉ። ሰውነትህ ይህን ኢንዛይም የሚገታ ፕሮቲን አዘጋጅቶልህ ነበር፤ ጭሱ እሱንም ያሽመደምደዋል። ያኔ የሳንባ ከረጢቶች ግድግዳ ይፈርሳል። አየር ይገባል፣ አይወጣም። ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍረህ አስበው፤ ሁሉም ይገባል፣ ወራጅ የለም። እንጦጦን ቀርቶ የኮንዶሚኒየምህን ደረጃ ትፈራዋለህ። «ለምደናል» አልክ? ሳንባህ አለመደም። የለመደው አፍህ ነው፤ እሱማ ያልለመደው ምን አለ?

እናትህስ? እሳቸው ሲጋራ ነክተው አያውቁም። ያን ከእንጦጦ የወረደ ቅጠል እያነደዱ፣ መስኮት በሌላት ጓዳ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ እንጀራ ጋገሩልህ። የማገዶ ጭስ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ፣ በተለይ ምድጃ ሥር የሚውሉ ሴቶችን እንደሚጎዳ ሐኪሞች ደጋግመው ተናግረዋል። ስትጠራቸው ሳል አስቀድመው የሚመልሱልህ ለምን ይመስልሃል? «የሴቶች ጉዳይ» ያልከው ይህ ከሆነ ትክክል ነህ። የሴቶች ጉዳይ ነው፤ ጭሱን የሚጠጡት እነሱ፣ እንጀራውን የምትበላው አንተ!

ስለዚህ ጀለሴ፣ ሲጋራዋን ጣል፤ እርገጣት። ኮፍያህን አጥልቅ። ክሬሙን ላሽ በለው። ለክሬሙ የያዝከውን ብር ቁጠረውና የጎደለውን ሞልተህ ለእናትህ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግዛላቸው። «መብራት ቢጠፋስ?» አልክ? ሲጠፋ ጓዳዋን መስኮት አውጣላት፤ ከምድጃው በላይም ጭስ ማውጫ ሥራ። እስከዚያ ቅጠሉን ደጅ አንድደህ አንተ ጋግር።